ቀስቱ፣ ነጠላውና ድርቡ፦ ሦስቱን የሎጂክ ምልክቶች እንዴት እንደምለያቸው

መደበኛ ሎጂክ መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሦስት ምልክቶች ይገጥሙታል፦ → (ቀስቱ)፣ ⊢ (ነጠላው) እና ⊨ (ድርቡ)። ሦስቱም በግራና በቀኝ የሆነ ነገር ይዘው ይቆማሉ። ሦስቱም ሲነበቡ «ከዚህ ያ ይመጣል» የሚሉ ይመስላሉ። የመጀመሪያዎቹ መልመጃዎች ላይ ደግሞ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስቡት እንኳ መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ይወጣል። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው። ሦስቱን እንደ አንድ እያዩ ሩቅ መሄድ ይቻላል። ሞዳል ሎጂክ (ስለ ግድና ስለሚቻል ነገር የሚያወራው ሎጂክ) ወይም የሎጂክ ሊቁ የኩርት ጎደል ቲዎረሞች ላይ ሲደረስ ግን መንገዱ ይዘጋል።

እኔ ሎጂክን በራሴም አንብቤ፣ ክፍልም ገብቼ ተምሬዋለሁ። አሁን ጀማሪዎችን አስጠናለሁ። የሦስቱን ፍቺ በቃል መያዝ ለእኔም ሆነ ለማስጠናቸው ሰዎች ያን ያህል አልጠቀመም። የጠቀመው ሦስቱ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ፈልጎ እዚያ ላይ ቆም ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለነዚያ ቦታዎች ነው።

ከቀስቱ ልጀምር። → ልክ እንደ «እና» (∧)፣ «ወይም» (∨) እና «አይደለም» (¬) አያያዥ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ወስዶ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ሀ → ለ ራሱ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ¬(ሀ → ለ) ተብሎ ሊካድም ይችላል። ሐሰት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ «ሀ» እውነት ሆኖ «ለ» ሐሰት ሲሆን። የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን እውነትና ሐሰት አማራጮች ሁሉ በረድፍ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ብትሠሩ፣ በቀሩት ሦስት ረድፎች እውነት ነው። ስለ ምክንያትና ውጤት ምንም አይልም። አንዱ ከሌላው ጋር ይገናኛል ወይ የሚለውም አያሳስበው።

ይህ ካልተዋጠላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ክላረንስ ኧርቪንግ ሉዊስ በ1910ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህንኑ ቅሬታ ይዞ ተነስቶ «ጥብቅ» የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቀስት አዘጋጅቷል። የዛሬው ሞዳል ሎጂክ ከዚያ ሥራ ነው ያደገው። ለጀማሪ ግን የምመክረው ቀስቱን ባለበት ተቀብሎ፣ የማይሠራውን ሥራ እንዳይጭኑበት መጠንቀቅ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ለማስጠናው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምሰጠው ይህን ነው፦

(ሀ → ለ) ∨ (ለ → ሀ)

ሰንጠረዡን ሥሩት። «ለ» እውነት በሆነበት ረድፍ ሁሉ ሀ → ለ እውነት ነው። «ለ» ሐሰት በሆነበት ረድፍ ሁሉ ደግሞ ለ → ሀ እውነት ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በአራቱም ረድፎች እውነት ይሆናል። አሁን «ሀ» «ነገ ይዘንባል» ይሁን፣ «ለ» ደግሞ «ይህ ባትሪ አልቋል»። ቀስቱን «ከዚህ ያ ይከተላል» ብሎ ያነበበ ሰው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ወይ ከነገው ዝናብ የባትሪው ማለቅ ይከተላል፣ ወይ ከባትሪው ማለቅ የነገው ዝናብ ይከተላል ሊል ነው። ይህን የሚቀበል ሰው የለም። ሰንጠረዡ ግን አልተሳሳተም።

ረድፎቹን አንድ በአንድ እዩአቸው። «ሀ» እውነት፣ «ለ» ሐሰት በሆኑበት ረድፍ የመጀመሪያው ቀስት ወድቆ ሁለተኛው ይቆማል። «ሀ» ሐሰት፣ «ለ» እውነት በሆኑበት ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ቢያንስ አንዱ ቀስት አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከረድፍ ረድፍ ይቀያየራል። በሁሉም ረድፎች ላይ ጸንቶ የሚቆም አንድ ቀስት የለም። «ይከተላል» ስንል የምንፈልገው ይህንን በሁሉም ላይ መጽናት ነው። ያንን የሚናገረው ደግሞ ድርቡ ምልክት፣ ⊨ ነው። ለእኔ ነገሩ የተፈታልኝ እዚህ ምሳሌ ላይ ነው። ቀስቱ አንድ ረድፍ ላይ ቆሞ ይመዘናል፤ ድርቡ ረድፎቹን ሁሉ ይዞራል።

እንግዲህ ሀ ⊨ ለ የሚለው እንዲህ ይነበባል፦ «ሀ እውነት ሆኖ ለ ሐሰት የሚሆንበት ምንም ሁኔታ የለም»። በግራ በኩል ብዙ መነሻዎችን መደርደር ይቻላል። በግራ ምንም ከሌለ፣ ⊨ ለ ማለት «ለ» በየትኛውም ሁኔታ እውነት ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ዛሬ በምናውቀው መልክ በጥንቃቄ ካስቀመጡት ሰዎች ዋናው አልፍሬድ ታርስኪ ነው፤ በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ።

እዚህ ላይ ቶሎ የሚያመልጥ ነገር አለ። ⊨ በምናጠናው ቋንቋ ውስጥ ያለ ምልክት አይደለም። ስለዚያ ቋንቋ ስንናገር የምንጠቀምበት የእኛ ምልክት ነው። ስለዚህ ¬(ሀ ⊨ ለ) ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ሰዋስው ማፍረስ ነው። ያንን ለማለት ሀ ⊭ ለ ብለን እንጽፋለን። ይህም ሀ ⊨ ¬ለ ከማለት በእጅጉ ይለያል። አንድ ነጠላ ፊደል ብቻ ውሰዱ። ⊭ ሀ ትክክል ነው፤ «ሀ» ሐሰት የሚሆንበት ረድፍ አለና። ⊭ ¬ሀም እንዲሁ ትክክል ነው። ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። አንድ ረድፍ ውስጥ ግን «ሀ» እና ¬ሀ ሁለቱም ሊወድቁ አይችሉም። «አልተከተለም» እና «ተቃራኒው ተከተለ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ እንደሆነ አይቻለሁ።

ድርቡን መፈተሽ አድካሚ ሊሆን ይችላል። ሁለት ፊደል 4 ረድፍ ነው። 10 ፊደል 1,024 ረድፍ ይሆናል። 20 ፊደል ላይ 1,048,576 ይደርሳል። «ሁሉም» እና «አንዳንድ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ሎጂክ ላይ ስንደርስ ደግሞ ረድፍ የሚባል ነገር ራሱ ይቀራል። የምንዞራቸው ሞዴሎች (ዓረፍተ ነገሮቹ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑባቸው ዓለማት) ይሆናሉ፤ ሞዴሎቹ ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሁሉንም አይቶ የሚጨርስ የለም። ታዲያ አንድ ድምዳሜ ከመነሻዎቹ እንደሚከተል በምን እናውቃለን? ነጠላው ምልክት የሚመጣው ለዚህ ነው።

⊢ ስለ ማረጋገጫ ይናገራል። ማረጋገጫ ማለት ማለቂያ ያለው የመስመሮች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መስመር ወይ አክሲየም (ሥርዓቱ ያለ ማረጋገጫ የሚቀበለው ዓረፍተ ነገር) ነው፣ ወይ የተሰጠን መነሻ ነው፣ ወይ ከላይ ካሉት መስመሮች በተፈቀደ ሕግ የተገኘ ነው። ሀ ⊢ ለ ማለት «ከሀ ተነስቶ ለ ላይ የሚያልቅ እንዲህ ያለ ዝርዝር አለ» ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። እውነትና ሐሰት የሚባል ነገር እዚህ ፍቺ ውስጥ የለም። የዓረፍተ ነገሮቹን ትርጉም ጨርሶ የማያውቅ ማሽን ዝርዝሩን ሊያርም ይችላል። ምልክቱ ራሱ የመጣው ጎትሎብ ፍሬጌ በ1879 ካስተዋወቀው አጻጻፍ ነው፤ ዛሬ የምንሰጠውን ትርጉም የያዘው ግን ቆይቶ ነው።

የቼዝ ጨዋታን አስቡ። ቀስቱ ሰሌዳው ላይ ካሉት ጠጠሮች አንዱ ነው። ነጠላው ምልክት ግን ሰሌዳው ላይ የለም። «ወደዚህ አቀማመጥ በሕጋዊ እርምጃ መድረስ ይቻላል» የሚል፣ ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ንግግር ነው።

ማረጋገጫ ከትርጉም ምን ያህል የተለየ ነገር እንደሆነ ለማየት አንድ ትንሽ ሥርዓት አብረን እንሥራ። ሁለት አክሲየሞች አሉን። በፊደሎቹ ቦታ የፈለጋችሁትን ዓረፍተ ነገር ማስገባት ትችላላችሁ።

አክሲየም 1፦ ሀ → (ለ → ሀ)
አክሲየም 2፦ (ሀ → (ለ → መ)) → ((ሀ → ለ) → (ሀ → መ))

ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሞደስ ፖነንስ። «ሀ» እና ሀ → ለ የሚሉ ሁለት መስመሮች ካሏችሁ «ለ»ን መጻፍ ትችላላችሁ። አሁን ሀ → ሀ የሚለውን እናረጋግጥ። በሰንጠረዥ ሁለት ረድፍ አይቶ መጨረስ ነው። በማረጋገጫ ግን ይህን ያህል ይፈጃል፦

1. (ሀ → ((ሀ → ሀ) → ሀ)) → ((ሀ → (ሀ → ሀ)) → (ሀ → ሀ))፤ ከአክሲየም 2
2. ሀ → ((ሀ → ሀ) → ሀ)፤ ከአክሲየም 1
3. (ሀ → (ሀ → ሀ)) → (ሀ → ሀ)፤ ከ1 እና ከ2 በሞደስ ፖነንስ
4. ሀ → (ሀ → ሀ)፤ ከአክሲየም 1
5. ሀ → ሀ፤ ከ3 እና ከ4 በሞደስ ፖነንስ

ይህን በእጃችሁ ጻፉት፤ ማየት ብቻ አይበቃም። ከዚያ አክሲየም 2ን አውጡትና እንደገና ሞክሩ። «ሀ» ነጠላ ፊደል ከሆነ ሀ → ሀን ማግኘት አይቻልም። ምክንያቱን መከታተል ቀላል ነው። በአክሲየም 1 የሚገኝ መስመር ሁሉ ከዋናው ቀስት በስተቀኝ ሌላ ቀስት አለው። ሞደስ ፖነንስ የሚጨምራቸው አዳዲስ መስመሮች ደግሞ በቀኛቸው ቀድሞ የተረጋገጠ ነገር የያዙ ናቸው። ሀ → ሀ በቀኙ ያለው ነጠላ ፊደል ነው። ነጠላ ፊደል ደግሞ በዚህ ሥርዓት አይረጋገጥም። ስለዚህ በተቀነሰው ሥርዓት ⊬ ሀ → ሀ። ⊨ ሀ → ሀ ግን እንዳለ ነው፤ አክሲየም ብንጨምርም ብንቀንስም ሰንጠረዡ አይነቃነቅም። ⊢ ሁልጊዜ «በየትኛው ሥርዓት?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። አንዳንድ መጻሕፍት የሥርዓቱን ስም ከምልክቱ ግርጌ በትንሹ የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ ባይረሱት ደስ ይለኛል።

ሕግና ቀስት አንድ እንዳልሆኑም እዚሁ ይታያል። ሉዊስ ካሮል በ1895 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው «ሀ»ንም ሀ → ለንም ተቀብሎ «ለ»ን አልቀበልም ቢል ምን ታደርጋላችሁ? (ሀ ∧ (ሀ → ለ)) → ለ የሚል ሌላ ቀስት እንደ መነሻ ብትጨምሩለት ያንንም ተቀብሎ «ለ»ን እንደገና እንቢ ሊል ይችላል። ሌላ ብትጨምሩም ያው ነው። የቱንም ያህል ቀስት ብትደረድሩ አንድ ጊዜ ወደፊት ለመራመድ ሕግ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካለያየን በኋላ ድልድዮቹ ይመጣሉ። ሀ ⊨ ለ የሚሆነው ⊨ ሀ → ለ ሲሆንና ሲሆን ብቻ ነው። በተለመዱት ሥርዓቶች ለነጠላውም ይኸው ይሠራል፦ ሀ ⊢ ለ ከሆነ ⊢ ሀ → ለ ነው፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ይህ ዲዳክሽን ቲዎረም ይባላል፤ ዣክ ኤርብራን በ1930 አረጋግጦታል። ነጠላውን ከድርቡ የሚያገናኙት ደግሞ ሌሎች ሁለት ናቸው። የተረጋገጠ ሁሉ ይከተላል፤ የሚከተል ሁሉ ይረጋገጣል። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ሁለተኛው፣ ምሉዕነት የምንለው፣ ከባድ ነው። ለሰንጠረዥ ሎጂክ ኤሚል ፖስት በ1921 ያሳተመው ማረጋገጫ አለ። «ሁሉም» እና «አንዳንድ» ላለበት ሎጂክ ኩርት ጎደል በ1929 የዶክትሬት ሥራው ላይ አረጋገጠው።

ተማሪ ሲጠይቀኝ የምሰጠው ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። ሁለቱ ምልክቶች በፍቺያቸው አንድ ቢሆኑ ኖሮ ጎደል የሚያረጋግጠው ነገር ባልኖረ ነበር። ዶክትሬት የሚያስገኝ ሥራ ያስፈለገው በአንድ በኩል «እንዲህ ያለ ዝርዝር አለ»፣ በሌላ በኩል «እንዲህ ያለ ሞዴል የለም» የሚሉ፣ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሁለት አባባሎች ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደሚጎረብጡት ቦታዎች። ሞዳል ሎጂክ ላይ □ሀ ማለት «ሀ ግድ ነው» ማለት ነው። አንድ ሕግ አለ፦ ⊢ ሀ ካለን ⊢ □ሀ ማለት እንችላለን። ጀማሪው ይህን ያያል፤ ሀ → □ሀ ብሎ ይጽፈዋል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሕጉ የሚለው «ያለምንም መነሻ የተረጋገጠ ነገር ግድ ነው» ነው። ቀስቱ የሚለው «እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ግድ ነው» ነው። ዛሬ ዘንቧል፤ ላይዘንብ ግን ይችል ነበር። ሕጉን በመነሻ ላይ መጠቀም የማይፈቀደውም ለዚህ ነው። ሕጉ የሚሠራው ያለመነሻ በተገኙ መስመሮች ላይ ብቻ ነው። ሞዳል ሎጂክ ስታጠኑ የሆነ ቦታ ሁሉ ነገር ግድ ሆኖ ከተገኘባችሁ፣ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንን ይሁን።

ሁለተኛው ቦታ የጎደል የ1931 ቲዎረም ነው፤ የኢ-ምሉዕነት ቲዎረም። ስለ ሙሉ ቁጥሮች የሚናገሩትን የፔያኖ አክሲየሞች ውሰዱ፤ እርስ በርስ እንደማይጣረሱ እንያዝ። ጎደል ከነሱ ሊረጋገጥ የማይችል፣ ግን ስለ ቁጥሮች እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ሠርቶ አሳየ። «ገ» እንበለው። በጣም የተለመደው አነባበብ «እንግዲያው ገ ከአክሲየሞቹ ይከተላል፣ ግን አይረጋገጥም» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የ1929ኙ ቲዎረም እንዳለ ነው። ከአክሲየሞቹ የሚከተል ሁሉ ይረጋገጣል። «ገ» ስላልተረጋገጠ፣ ከአክሲየሞቹ አይከተልም ማለት ነው። አክሲየሞቹ ሁሉ እውነት ሆነው «ገ» ግን ሐሰት የሚሆንበት ሞዴል አለ፤ ከምናውቃቸው ቁጥሮች ሌላ እንግዳ ነገሮች ያሉበት ሞዴል።

ታዲያ «ገ እውነት ነው» ሲባል የት ነው እውነት? 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብለን በምንቆጥራቸው ቁጥሮች፣ በዚያ በአንዱ ሞዴል። ለዚህም ያው ድርብ ምልክት ያገለግላል፤ በግራው በመነሻዎች ፈንታ አንድ ሞዴል ይጻፋል። አንድ ምልክት ሁለት ሥራ ይዟል። ስለዚህ ⊨ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ በግራው ምን እንዳለ ተመልከቱ። ሞዴል ከሆነ የሚያወራው ስለ አንድ ቦታ ነው። ዓረፍተ ነገሮች ከሆኑ ስለ ቦታዎቹ ሁሉ ነው።

«ገ» ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል የሚል ካለ የጉድስታይን ቲዎረም አለለት። በ1944 የታተመ ነው። ከየትኛውም ቁጥር ጀምረን በተወሰነ ደንብ የምንሠራው፣ መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው እጅግ የሚያድግ የቁጥሮች ተርታ በመጨረሻ 0 ላይ ይወድቃል ይላል። ከርቢና ፓሪስ በ1982 ይህ ከፔያኖ አክሲየሞች ሊረጋገጥ እንደማይችል አሳዩ። በሴት ቲዎሪ (በስብስቦች ንድፈ ሐሳብ) ግን ይረጋገጣል። እንደገና «በየትኛው ሥርዓት?»።

ነጠላውና ድርቡ የምር የሚለያዩበት ሎጂክ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ደረጃ ሎጂክን እዩ። እዚያ «ሁሉም» ስለ ነገሮች ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕርያትም ይናገራል። በመደበኛ ትርጓሜው፣ ማሽን ሊያርመው የሚችል የትኛውም የማረጋገጫ ሥርዓት የሚከተለውን ሁሉ አይደርስበትም።

ለልምምድ አንድ ጥያቄ ልተው፤ ሁሌም የምሰጠው ነው። ሀ ⊨ ለ ∨ መ ከሆነ፣ ወይ ሀ ⊨ ለ ወይ ሀ ⊨ መ መሆን አለበት? ድርቦቹን በቀስት ተክታችሁ መጀመሪያ አንድ ረድፍ ላይ ሞክሩት። እዚያ መልሱ አዎ ነው፤ ሀ → (ለ ∨ መ) እውነት በሆነበት ረድፍ ሁሉ ከሁለቱ ቀስቶች ቢያንስ አንዱ እውነት ነው። ከዚያ ወደ ድርቡ ተመለሱና በ«መ» ቦታ ¬ለን አስገቡ። ሀ ⊨ ለ ∨ ¬ለ ሁልጊዜ ይሠራል። «ሀ» ስለ «ለ» ምንም የማይል ዓረፍተ ነገር ከሆነ ግን ሀ ⊨ ለም፣ ሀ ⊨ ¬ለም አይሠሩም።